ባዶውን ባር አትናቀው

ልጄ፣ ክብደት ማንሳት ልጀምር ነው፤ በስንት ኪሎ ልጀምር ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ወጣት ሳይጠይቀው ያልፈዋልና። ጂም በገባ በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ያለው ልጅ የጫነውን ይጭናል። ሳምንታት ሳይቆይ ትከሻው ወይም ወገቡ ይይዘዋል፤ ከዚያ "ስፖርት ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይቀራል። ጀምረው የተዉትን ልጆች ሳስብ ስንፍና ያስቀራቸው ጥቂት ናቸው። የሚበዙትን ያስቀራቸው በመጀመሪያው ወር የጫኑት ክብደት ነው። ቀላል መላ ያለው ነገር ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል።

1. የሌላ ሰው ቁጥር ላንተ አይሠራም።

"የክብደትህን ይህን ያህል እጥፍ ማንሳት አለብህ" የሚሉ ሰንጠረዦች በየቦታው አሉ። ለዓመታት የሠራ ሰው ራሱን ሊለካባቸው ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ምንም አይነግሩትም። 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ወጣቶችን አስብ፦ አንዱ መርካቶ ጆንያ ሲያወርድና ሲጭን ያደገ፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ተማሪ። ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ባር ስር ሲገቡ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የእጅና የእግር ርዝመት፣ ዕድሜ፣ ከኳስ ሜዳ የቆየ ጉዳት፣ የትናንት ሌሊት እንቅልፍ እንኳ ልዩነት ያመጣል። የመነሻ ክብደትህን አንተው በራስህ ሰውነት ላይ ፈልገህ ታገኘዋለህ። አፈላለጉን ተራ ቁጥር 3 ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

2. የምታነሳው ነገር ስንት እንደሚመዝን በእርግጥ እወቅ።

ረዥሙ የወንዶች የውድድር ባር 2.20 ሜትር ነው፤ ምንም ሳይጫንበት 20 ኪሎ ይመዝናል። የሴቶቹ 2.01 ሜትርና 15 ኪሎ ነው፤ ውፍረቱም ከ28 ሚሊ ሜትር ወደ 25 ይወርዳል። አጫጭሮቹና ጠመዝማዛዎቹ ባሮች ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸውና ጠይቅ። ሒሳቡን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አስተካክለህ ያዝ፦ በ20 ኪሎው ባር በየጎኑ 10 ኪሎ ከጫንክ ያነሳኸው 20 አይደለም፣ 40 ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያለበት ጂም ከገባህ በፕሌቱ፣ ማለትም ባሩ ላይ በሚገባው ክብ ክብደት ላይ የተጻፈው ኪሎ ይሁን ፓውንድ አስተውል። 45 የሚል ፓውንድ 20 ኪሎ ግድም ነው፤ 10 የሚለው ደግሞ 4.5 ኪሎ ብቻ ነው። በአንድ ጎን 10 ኪሎ፣ በሌላው 10 ፓውንድ ጭኖ ባሩ ለምን እንደሚያዘነብል ግራ የሚገባው ልጅ ብዙ ነው።

በየሰፈሩ ያሉት ጂሞች ግን ሌላ ጉዳይ አላቸው። እዚያ ክብደቱ ብዙ ጊዜ በጣሳ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ወይም ከአሮጌ መኪና የተፈታ ብረት ነው። እነዚያን ክብደቶች እወዳቸዋለሁ፤ ገንዘብ የሌለው ወጣት በገዛ እጁ የሠራቸው ናቸውና። ይሁንና ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ጣሳዎች በኪሎና በሁለት ኪሎ ሊበላለጡ ይችላሉ፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ያንተ አንድ ትከሻ ነው። ሰፈርህ ወዳለው ወፍጮ ቤት ውሰዳቸውና አስመዝን፤ በቀለም ቁጥራቸውን ጻፍባቸው። ቀላል የሆነውን ጎን በሽቦ ወይም በአሸዋ ከረጢት አመጣጥነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣውም ይጠቀምበታል።

ማሽኖችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ የገመድ ማሽን ላይ የሚታየው ቁጥር እጅህ ላይ የሚደርሰው ክብደት ላይሆን ይችላል፤ ገመዱ በስንት መዘውር እንደሚያልፍ ይወስነዋል። በሁለት ቋሚ ብረት መካከል የሚንሸራተተው የስሚዝ ማሽን ባርም ክብደቱ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ስለዚህ የማሽን ቁጥርህ ለዚያው ማሽን ብቻ ያገለግላል፤ ወደ ሌላ ጂም ይዘኸው አትሂድ።

3. ቁጥርህን እንዲህ ፈልገው።

ጂም ውስጥ ስኳት ከሚሉት ከቁጭ ብድግ እንነሳ። መጀመሪያ ባዶ እጅህን 10 ጊዜ ሥራው። ተረከዝህ ከመሬት ሳይነሳና ጉልበትህ ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ፣ ጭንህ ከወለሉ ጋር እስኪስተካከል መውረድ ካቃተህ ለጊዜው ባር አያስፈልግህም። 6 ወይም 8 ኪሎ የእጅ ክብደት (ዳምቤል) በሁለት እጅህ ደረትህ ላይ አቅፈህ ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ። ክብደቱ ከፊትህ ሲሆን ሚዛንህን ይጠብቅልሃል፤ ደረትህም ቀና እንዳለ መውረድ ይቀልሃል።

ይህ ከቀናህ ባዶውን ባር ትከሻህ ላይ አድርገህ 5 ጊዜ ሥራ፤ ድገመው። ቀጥሎ በየጎኑ 5 ኪሎ ጨምር፤ 30 ሆነ። እንደገና 5 ጊዜ። ከዚያ በየጎኑ 2.5 እየጨመርክ 35፣ 40 እያልክ ሂድ፤ በየመካከሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፍ። ጓደኛህ ከጎን ቆሞ ባሩ ሽቅብ የሚወጣበትን ፍጥነት ይይልህ፤ ጓደኛ ከሌለ ስልክህን አቁመህ ቅረጽ። ባሩ ካለፈው ዙር ዘገም ብሎ የወጣበት ክብደት ላይ ትቆማለህ። አቋምህ ከተበላሸ ግን አንድ እርከን ትመለሳለህ። ያች ቁጥር የዛሬ ክብደትህ ናት፤ በእሷ ሁለት ዙር ጨምረህ ትጨርሳለህ። ጉልበት ይተርፍሃል። ይትረፍ።

አግዳሚ ላይ ተኝተህ ባሩን ከደረትህ ወደ ላይ ለምትገፋበት ለቤንች ፕሬስም አካሄዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከባዶው ባር በኋላ ጭማሪው በየጎኑ 2.5 ብቻ መሆኑ ነው። ቆሞ ከትከሻ በላይ መግፋት ላይ ለብዙ ጀማሪ ባዶው ባር ራሱ በቂ ሥራ ነው። ትከሻ ከጭንና ከደረት ያነሰ ጡንቻ ይዞ ነው የሚሠራው፤ በዚያ ማፈር አያስፈልግም።

ዴድሊፍት፣ ባሩን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ የራሱ ጣጣ አለው። ትልልቆቹ ፕሌቶች 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላላቸው ባሩ ከወለል 22.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እንቅስቃሴውም የሚለካው ከዚያ ከፍታ ነው። ጀማሪ ትንንሾቹን ባለ 5 እና ባለ 10 ኪሎ ብረቶች ሲጭን ባሩ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ለመድረስ ወገቡን ማጉበጥ ግድ ይሆንበታል። ክብደቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ወገቡን የሚያምመው ለዚህ ነው። ስፋታቸው 45 ሆኖ ክብደታቸው ቀላል የሆነ የጎማ ፕሌቶች ካሉ እነሱን ጫን። ከሌሉ ከባሩ በታች በሁለቱም በኩል ጣውላ ወይም ሌላ ፕሌት ደርድረህ ባሩን ወደ ትክክለኛው ከፍታ አምጣው።

ግምት ከፈለግህ እኔ ከማየው ልንገርህ፦ ጤነኛ ወጣት ወንድ በመጀመሪያው ቀን ስኳት ላይ ብዙ ጊዜ በባዶው ባርና በ40 ኪሎ መካከል ይቆማል፤ ቤንች ላይ በ20 እና በ35 መካከል፤ ዴድሊፍት ላይ ከ40 እስከ 60። ከዚህ በታች ሆንክ ማለት ደካማ ነህ ማለት አይደለም፤ ከዚህ በላይ ሆንክ ማለትም ትምህርት ጨረስክ ማለት አይደለም።

አሰልጣኝህ በየዙሩ 5 ሳይሆን 10 ጊዜ ሥራ ካለህ፣ በዚህ መንገድ ካገኘኸው ክብደት 5 ኪሎ ቀንሰህ ጀምር።

4. ሰውነት ሲበቃው ይናገራል።

ስኳት ላይ፦ ተረከዝ ይነሳል፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስትነሳ ደረትህ ሳይነሳ ዳሌህ ቀድሞ ይወጣል። ዴድሊፍት ላይ ወገብ ይጎብጣል። ቤንች ላይ ባሩን ደረትህ ላይ አንጥረህ ማንሳት ትጀምራለህ፣ ወይም ቂጥህ ከመቀመጫው ይነሳል። ዳምቤል ለክንድ ስታጥፍ ጀርባህን ወደ ኋላ ትወዘውዛለህ። ከእነዚህ አንዱን ካየህ ዙሩ እዚያ አልቋል፤ "አንድ ብቻ ልድገም" አትበል።

5. በየዙሩ መጨረሻ ሁለት አስተርፍ።

የመጨረሻዋን አንስተህ ስታስቀምጥ "ሁለት፣ ምናልባት ሦስት በትክክለኛ አቋም እደግም ነበር" ማለት ከቻልክ ክብደቱ ላንተ ነው። አምስት ስድስት እደግም ነበር ካልክ በሚቀጥለው ቀን ጨምር። ዜሮ ከሆነ ቀንስ። የጀማሪ ግምት ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሰውነትህን ገና አታውቀውምና። ለዚህ ነው ከስሜትህ ይልቅ ባሩ የሚወጣበትን ፍጥነትና አቋምህን እንድታምን የነገርኩህ።

6. ከቆሰሉ ወታደሮች የመጣውን ትምህርት ያዝ።

ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነበር። በልጅነቱ በሩማቲክ ትኩሳት ታሞ ክብደት በማንሳት የበረታ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቺካጎ በጋርዲነር ወታደራዊ ሆስፒታል ጉልበታቸውን የተጎዱ ወታደሮችን ክብደት እያነሱ እንዲያገግሙ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 አሠራሩን ጽፎ አሳተመ። መለኪያው ወታደሩ 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለው ክብደት ነበር። በ1948 ከባልደረባው ከአርተር ዋትኪንስ ጋር አሠራሩን ሲያሻሽለው ሦስት ዙር ብቻ አስቀረ፦ የመጀመሪያው በዚያ ክብደት ግማሽ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛው በሙሉው።

ልብ በል፤ ሙሉው ክብደት በመጨረሻው ዙር ብቻ ነው የሚመጣው። አንተም የሥራ ክብደትህ 40 ከሆነ በቀጥታ 40 አትጫን። ባዶውን ባር፣ ቀጥሎ 30፣ ከዚያ 40። በኋላ 100 ስትደርስም ይኸው ሥርዓት አይቀርም፤ ባዶውን ባር ዘለው የሚጀምሩ ብርቱ አንሺዎችን አላየሁም።

7. መጀመሪያ የሚበረታው ነርቭህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥርህ በፍጥነት ይወጣል፤ መስታወት ፊት ስትቆም ግን ክንድህ ያው ነው። አትደንግጥ። ሞሪታኒና ዴቭሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ የጀማሪ የመጀመሪያ ጥንካሬ በአብዛኛው የሚመጣው ነርቭ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ስለሚለማመድ ነው፤ ጡንቻው መወፈር የሚይዘው ቆይቶ ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ደግሞ ከሁለቱም ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ጉልበትህ "ጨምር" ይልሃል፤ ክርንህና ትከሻህ ውስጥ ያለው ጅማት ግን ገና አልተዘጋጀም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ላይ ክርን የሚያማቸው ልጆች ብዙ ጊዜ በፍጥነት የበረቱት ናቸው።

8. ስትጨምር በትንሹ ጨምር።

የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ከታሰበልህ ድግግሞሽ አንድ ወይም ሁለት ማስበለጥ ስትችል ከ2 እስከ 10 በመቶ ጨምር ይላል። በባር ላይ ይህ ቀላል ነው። ለስኳትና ለዴድሊፍት በድምሩ 5 ኪሎ (ይህ ከያዝከው ክብደት ከ10 በመቶ ከበለጠ ግን 2.5)፣ ለደረትና ለትከሻ በድምሩ 2.5፣ ማለትም በየጎኑ 1.25። እነዚያን ባለ 1.25 ትንንሽ ብረቶች በብዙ ጂም ጥግ ተጥለው ታገኛቸዋለህ፤ ለጀማሪ ግን ከሁሉ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ጂሙ ከሌለው ከጓደኞችህ ጋር አዋጥታችሁ ግዙ።

ዳምቤል ላይ ግን ተጠንቀቅ። ከ10 ወደ 12.5 መሸጋገር 25 በመቶ ነው፤ ከ4 ወደ 6 ደግሞ 50 በመቶ። ልጆች "ለምን ዳምቤል ላይ ቆምኩ?" ይሉኛል፤ የቆሙት እርከኑ ስለሰፋ እንጂ ስለደከሙ አይደለም። መላው ክብደቱን ትተህ በድግግሞሽ መውጣት ነው። በ10 ኪሎ 8 ጊዜ ጀምር፤ 9፣ 10 እያልክ በሁሉም ዙር 12 ስትደርስ 12.5 አንሳና ወደ 8 ተመለስ። 8 ካልሞላ 6ም ይበቃል፤ እንደገና ሽቅብ ትወጣለህ።

5 ኪሎ አሳንሶ የጀመረ ሰው ምን አጣ? በሳምንት 2.5 ቢጨምር ሁለት ሳምንት። በምትኩ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አቋሙን አስተካከለ፣ ጅማቱን አዘጋጀ፣ ለተጨማሪ ወራት ሳይቆም የሚያድግበት ቦታ አገኘ። 5 ኪሎ አስበልጦ የጀመረው ግን በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ከዚያ መቀነስ አለበት፤ መቀነስ ደግሞ ለወጣት ልብ ከባድ ነው።

9. መቁሰል መለኪያ አይደለም።

በማግስቱ ደረጃ መውረድ ቢያቅትህ ጥሩ ሠራሁ ማለት አይደለም። አዲስ እንቅስቃሴ ጡንቻን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያቆስላል፤ ቀላል ክብደትም እንኳ። ሲለመድ ይጠፋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያን ቀን ተው። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻህ ካበጠ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊትህን እየጎዳ ሊሆን ይችላልና ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። ይህ በብዛት የሚደርሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአቅማቸው በላይ በሠሩ ሰዎች ላይ ነው።

10. እህትህ አብራህ ከመጣች ያንተን ባር አትስጣት።

15 ኪሎው ባር ካለ እሱን፣ ከሌለ ዳምቤል። ለትከሻ በየእጇ 3 ወይም 4 ኪሎ ጥሩ መነሻ ነው። በእግር ሥራ ግን ካንተ ብዙም ላትርቅ ትችላለች፤ በወንድና በሴት መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ከታችኛው ይልቅ በላይኛው ሰውነት ላይ ይሰፋል። አንዳንድ አሰልጣኞች ለሴት ልጅ 1 ኪሎ ዳምቤል ሰጥተው ዓመቱን ሙሉ በዚያው ያቆዩዋታል። ይህ እሷን አለማክበር ነው። በቀላል ትጀምር፤ እንዳንተው በየሳምንቱ ትጨምር።

11. ጾምንና ከፍታን ግምት ውስጥ አስገባ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ከድሬዳዋ ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው እዚህ 10 ጊዜ ስኳት ሠርቶ ሲያለከልክ ክብደቱ የበዛበት ይመስለዋል። ያነሰው ትንፋሽ ሊሆን ይችላል፤ በዙር መካከል ከሁለት ደቂቃ ይልቅ ሦስት ይረፍ፣ ክብደቱን አይንካ።

በሁዳዴም ሆነ በረመዳን መሥራት ይቻላል። የያዝከውን ክብደት ጠብቅ፤ የዙሩን ብዛት ቀንስ፤ ሰዓቱን ጾም ወደምትፈታበት ወይም ወደ ማፍጠሪያው አስጠጋው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በርከት ይበል። ገና የምትጀምረው በጾም ውስጥ ከሆነ ደግሞ በተራ ቁጥር 3 ካገኘኸው አንድ እርከን ዝቅ በል።

12. ብቻህን ቤንች አትተኛ።

ራስጌህ ላይ የሚቆም ሰው ጥራ፤ ሰው ከማስቸገር ይሉኝታ ይዞህ ባር አንገትህ ላይ እንዳይቀር። አውራ ጣትህን ባሩ ላይ ጠቅልለው። ሰው ከጠፋ ቤንች ላይ ብቻ የፕሌት መቆለፊያውን አትጠቀም፤ ቢከብድህ ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ታራግፈዋለህ። የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ቡአ ካለብህ ከማንኛውም ባር በፊት ሐኪም ይይህ፤ ከባድ ነገር ስናነሳ ትንፋሽ መያዛችን ግፊትን ለጊዜው ሽቅብ ይሰደዋል።

13. ደብተር ያዝ።

ቀን፣ የእንቅስቃሴው ስም፣ ኪሎ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ተረፈኝ። ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ከቀረህ ስትመለስ ከመጨረሻው ቁጥርህ 10 በመቶ ቀንስ፤ ከወር በላይ ከሆነ ከግማሹ ተነስና በየዙሩ እየጨመርክ ያለህበትን ፈልግ። ትኩሳት ካለህ ጨርሶ አትምጣ።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ደብተሩን ይዘህልኝ ና፤ አብረን እናየዋለን። ስኳትህ ወጥቶ ሌላው ሁሉ ቆሞ ካገኘሁት በቅድሚያ ስለ እንቅልፍህና ስለ ምሳህ ነው የምጠይቅህ፤ ስለዚህ እነሱንም በጎን ጻፍልኝ።